ሮም ገብቶ በቪየና መውጣት፦ ብዙ ከተማ ያለበትን የመጀመሪያ የአውሮፓ ጉዞ ማቀድ

አውሮፓን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያይ የተነሳ ሰው ወረቀት ላይ የሚጽፈው ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው። ፓሪስ ሁለት ቀን፣ አምስተርዳም አንድ ቀን፣ በርሊን፣ ፕራግ። ሮም ደግሞ ሳይታይ አይመለስም። ለንደንም ዘመድ አለ። ሁሉም በአሥር ቀን! ካርታ ላይ ሲያዩት ቅርብ ለቅርብ ነው። መሬት ሲረግጡ ግን ዕረፍቱ ሻንጣ ሲጎትቱ ያልቃል።

ይህ መመሪያ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ከአዲስ አበባ ለሚነሳና በአንድ ጉዞ ሦስት አራት ከተማ ማየት ለሚፈልግ ሰው ነው። በጥቅሉ ከማወራ አንድ መስመር ይዤ ልሂድ፦ ሮም፣ ፍሎረንስ፣ ቬኒስ፣ ቪየና። አራቱም በባቡር ይገናኛሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሮምም ቪየናም ይበራል። አራቱም ሼንገን በሚባለው፣ በአንድ ቪዛ በሚዞርበት የአገሮች ክልል ውስጥ ስለሆኑ አራቱንም በአንድ ቪዛ ማየት ይቻላል። ሌላ መስመር ከመረጣችሁ የከተሞቹን ስም ቀይሩ፤ አካሄዱ አይለወጥም።

1. ከተማ አትቁጠሩ፣ አዳር ቁጠሩ

ወረቀት አውጡና ከእያንዳንዱ ከተማ ስም ጎን ስንት ሌሊት እንደምታድሩ ጻፉ። "ሁለት ቀን" የሚባለው ነገር ያታልላል። ማታ ገብቶ በማግስቱ ጠዋት የወጣም ሰው ሁለት ቀን ቆየሁ ይላል። አዳር ግን አንድ ከሆነ አንድ ነው።

ከከተማ ወደ ከተማ መዛወር ግማሽ ቀን ይበላል። ባቡሩ የሁለት ሰዓት መንገድ ብቻ ቢሆንም እንኳ። ዕቃ መሸከፍ አለ፣ ክፍል ማስረከብ አለ፣ ጣቢያ መድረስ አለ፣ አዲሱን ማደሪያ መፈለግ አለ። ደርሳችሁም ክፍሉ እስኪሰናዳ መጠበቅ አለ። ስለዚህ አንድ አዳር ብቻ የተሰጠውን ከተማ እንዳላያችሁት ቁጠሩት።

ለአሥራ ሁለት አዳር የኔ ድልድል ይኸው፦ ሮም 4፣ ፍሎረንስ 3፣ ቬኒስ 2፣ ቪየና 3። ሮም አራት ያገኘችው የመጀመሪያው ቀን በድካም ስለሚያልፍ ጭምር ነው። ቬኒስን ብዙ ሰው ከፍሎረንስ ደርሶ መልስ ያያታል፤ እኔ አልመክርም። ቀን ቀን መተላለፊያ የላትም። ማታ የቀኑ ጎብኚ ወደ ባቡሩ ሲመለስ ነው ጠባብ መንገዶቿ የእናንተ የሚሆኑት። አዳሩም ለዚሁ ነው። ያላችሁ ጊዜ ሰባት ስምንት አዳር ብቻ ከሆነ ቪየናን ያለ ርኅራኄ ሰርዙ። ከቬኒስ ሚላን በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከሚላን ወደ ቦሌ በረራ አለ።

እዚህ ላይ አንድ የኛ ጉዳይ አለ፤ ዘመድ። ጀርመን ያለችው አክስት ወይም ስቶክሆልም ያለው አብሮ አደግ አውሮፓ መምጣታችሁን ከሰሙ አይለቋችሁም። መሄድ ጥሩ ነው። ግን ዘመድ ቤት ሁለት አዳር ብሎ የገባ ሰው በሁለት አዳር አይወጣም። ምሳ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የጓደኞቻቸው ግብዣ አለ፣ "ቡና ሳትጠጪማ!" አለ። እንደ አንድ ሙሉ ከተማ ቁጠሩት፤ አራት አዳር ስጡት፣ ጉዞው መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ በምትኩ አንድ ከተማ አስወጡ። ይህን አሁኑኑ ወስኑ፤ የአዳሩ ብዛት ለየትኛው ኤምባሲ እንደምታመለክቱ ጭምር ስለሚወስን።

2. መስመሩ ወደፊት ብቻ ይሂድ፣ ከሼንገንም አይውጣ

ከደቡብ ወደ ሰሜን ወይም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፤ የፈለጋችሁትን ምረጡ። ብቻ የሄዳችሁበትን መንገድ መልሳችሁ አትምጡበት።

ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ከአቅጣጫው የሚበልጥ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ የቪዛ ሕጉን አጥብቋል። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ፣ ማቅረብ ያለባችሁ ሰነድ እንዳይቀነስላችሁ፣ መደበኛው የውሳኔ ጊዜም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲረዝም ተወስኗል። በተግባር ሲተረጎም፦ ቪዛችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ያስገባል። ከሼንገን ክልል አንዴ ከወጣችሁ፣ ቪዛው ላይ ቀን ቢተርፍም፣ መመለስ የለም።

ስለዚህ ክልሉን በደንብ እወቁት። በአሁኑ ጊዜ 29 አገሮች አሉበት። ስዊዘርላንድና ኖርዌይ የኅብረቱ አባል ባይሆኑም ክልሉ ውስጥ ናቸው። ሩማኒያና ቡልጋሪያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ገብተዋል። እንግሊዝ ውጭ ናት። አየርላንድም ቆጵሮስም እንዲሁ። ሰርቢያና ቱርክም ውጭ ናቸው። "ከቪየና ለአንድ ቀን ቤልግሬድ ደረስ ብዬ ልምጣ" የሚለው ሐሳብ ዕረፍታችሁን እዚያው ይቋጨዋል። ለንደን የግድ ከሆነ ለብቻው የእንግሊዝ ቪዛ አውጡ፣ የመጨረሻ ፌርማታም አድርጉትና ከዚያው ወደ አገር ቤት ብረሩ።

3. ወቅት ምረጡ፣ በረራ አስይዙ፣ ግን አትክፈሉ

ጁላይና ኦገስት ሮምና ፍሎረንስ ይቃጠላሉ። ዋጋው ይወደዳል፣ ሰልፉ ይረዝማል። ኦገስት 15 አካባቢ ደግሞ ጣሊያኖቹ ራሳቸው ወደ ባሕር ስለሚሄዱ ብዙ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ። ሜይ ጥሩ ነው። ሴፕቴምበር መጨረሻና ኦክቶበርም ጥሩ ናቸው፤ ለኛም ክረምቱ ወጥቶ ዓመቱ የሚጀመርበት ሰሞን ነው።

ቲኬት ስትፈልጉ ደርሶ መልስ የሚለውን ትታችሁ መልቲ ሲቲ የሚለውን ንኩ። ከአዲስ አበባ ሮም፣ ከቪየና አዲስ አበባ። ብዙ ጊዜ ዋጋው ከተለመደው ደርሶ መልስ እምብዛም አይርቅም። ቢጨምር እንኳ ከቪየና ወደ ሮም መመለሻ ከምታወጡት ገንዘብና ከምታቃጥሉት ቀን ጋር አስተያዩት።

ከቪዛ በፊት ሙሉ ክፍያ አትክፈሉ። ለማመልከቻው የሚያስፈልገው የተያዘ በረራ ማስረጃ ነው። የቲኬት ቢሮዎች ይህን ያውቁታል፤ "ለቪዛ ቡኪንግ" ስትሏቸው ይገባቸዋል። ስማችሁ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ፊደል ሳይጎድል መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ።

4. ቪዛው

ብዙ ሰው ነገሩን ገልብጦ ይጀምረዋል። መጀመሪያ ቪዛ፣ ከዚያ ዕቅድ። መሆን ያለበት ግን ተቃራኒው ነው። ቪዛ የሚጠየቀው በዕቅዱ ነው።

የትኛው ኤምባሲ? ብዙ አዳር የምታሳልፉበት አገር ኤምባሲ። በኛ መስመር ጣሊያን ዘጠኝ፣ ኦስትሪያ ሦስት ስለሆነ የምናመለክተው ለጣሊያን ነው። እኩል ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምትገቡበት አገር ይሆን ነበር። "የእገሌ ኤምባሲ ይቀላል አሉ" ብሎ ሦስት አዳር ላላት አገር ዘጠኝ አዳር አስመስሎ ማመልከት ጣጣ አለው። ሮም ኤርፖርት ላይ የሆቴል ማስረጃ ስትጠየቁ ምን ታወጣላችሁ?

መቼ? ሕጉ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ማመልከት ይፈቅዳል። 45 ቀኑ የሚቆጠረው ማመልከቻው ከገባ በኋላ ነው። የቀጠሮ ቀን ማግኘቱ ራሱ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ከአራት ወር በፊት መንቀሳቀስ ጀምሩ።

ክፍያው እ.ኤ.አ. ከጁን 2024 ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ከ6 ዓመት እስከ 12 ዓመት ላልሞላው ልጅ 45 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት በታች ነፃ። ማመልከቻ የሚቀበለው ማዕከል የራሱን የአገልግሎት ዋጋ ይጨምርበታል። ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም።

ፓስፖርታችሁ ከአውሮፓ ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል፣ ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ የተሰጠና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና በሁሉም የሼንገን አገሮች የሚሠራ መሆን አለበት።

ቀሪው ሰነድ አንድ ጥያቄ የሚመልስ ነው፦ ይህ ሰው ይመለሳል ወይ? የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከደመወዝና ከዓመት ፈቃድ ጋር፣ ነጋዴ ከሆናችሁ ንግድ ፈቃድና የግብር ክሊራንስ፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ ቤት ካላችሁ ካርታው። በአማርኛ ያለው ሁሉ ይተርጎም። የባንክ ስቴትመንቱ የወራት እንቅስቃሴ ያሳይ። ከማመልከቻው በፊት ባለው ሳምንት ከየዘመዱ ተሰብስቦ የገባ ብር ራሱን ያጋልጣል፤ ሂሳቡን የሚያየው ሰው ሥራው ይኸው ነው። ዘመድ በእርግጥ ረድቷችሁ ከሆነ ማን፣ ስንት፣ ለምን እንደሰጠ የሚያስረዳ ደብዳቤ አያይዙ።

አሁን ብዙ ማመልከቻ የሚሰናከልበትን ነገር ቀረብ ብለን እንየው፤ ቀን። የዓመት ፈቃድ ደብዳቤው "ከመስከረም 5 እስከ መስከረም 20" ይላል እንበል። ተርጓሚው ዝም ብሎ ሴፕቴምበር 5 እስከ ሴፕቴምበር 20 ብሎ ጻፈው። እውነቱ ግን መስከረም 5 በአብዛኛው ዓመት ሴፕቴምበር 15 ነው፣ መስከረም 20 ደግሞ ሴፕቴምበር 30። በረራችሁ ሴፕቴምበር 16 ተነስቶ ሴፕቴምበር 29 ይመለሳል። ኤምባሲ ያለው ሰው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ የሚታየው ፈቃዱ ካለቀ በኋላ ዘጠኝ ቀን አውሮፓ የሚቀር ሠራተኛ ነው። ስለዚህ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ሥሩ፦ ቀን በፈረንጅ፣ ከተማ፣ የሚታደርበት ቦታ፣ ወደ ቀጣዩ ከተማ የሚኬድበት ባቡር። ከዚያ በረራውን፣ ሆቴሉን፣ ኢንሹራንሱንና የፈቃድ ደብዳቤውን አንድ በአንድ ከሠንጠረዡ ጋር አመሳክሩ። አንድ ሌሊት እንኳ ማደሪያ የሌለው አይኑር።

ቪዛው ሲመጣ እልል ከማለታችሁ በፊት ስቲከሩን አንብቡት። ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል አንድ ነገር ነው፤ ስንት ቀን መቆየት እንደሚፈቅድ ሌላ ነገር ነው። ስቲከሩ ለአንድ ወር የሚያገለግል ሆኖ የተፈቀደው ቆይታ 13 ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል። የምትገቡበትም የምትወጡበትም ቀን ይቆጠራል፤ አሥራ ሁለት አዳር ማለት አሥራ ሦስት ቀን ነው። ከተከለከላችሁ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣችኋል፤ ይግባኝ የማለት መብትም አላችሁ።

ውጭ አገር ላላችሁ፦ ዱባይ ወይም ሪያድ በመኖሪያ ፈቃድ የምትኖሩ የምታመለክቱት እዚያው ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልገውም። ግሪን ካርድ ይዞ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ግን ያስፈልገዋል።

5. ማደሪያ

ቪዛው እስኪመጣ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ብቻ ያዙ። ርካሹ የማይሰረዘው ስለሆነ ያማልላል፤ ተውት።

ሮም ተርሚኒ ጣቢያ ዙሪያ ረከስ ያለ ማደሪያ ይገኛል። ሰፈሩ አያምርም፣ ይጮኻል፤ ግን ለባቡርም ለሜትሮም አመቺ ነው። ለመጀመሪያ ጉዞ ይበቃል። ፍሎረንስ ትንሽ ስለሆነች ከሳንታ ማሪያ ኖቬላ ጣቢያ በእግር ሃያ ደቂቃ ውስጥ ያለ የትኛውም ቦታ ይሆናል። ቬኒስ ላይ ደሴቷ ውስጥ ማደር ውድ ነው። ከድልድዩ ማዶ ያለችው ሜስትሬ ትረክሳለች፤ በባቡር አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ከላይ እንዳልኩት የቬኒስ ጥሩነቷ ማታ ስለሆነ፣ በሌላ ነገር ቆጥባችሁ ቢያንስ አንዱን አዳር ደሴቷ ውስጥ ብታደርጉት ደስ ይለኛል። በተወሰኑ ቀናት ለቀን ጎብኚ የመግቢያ ክፍያ አለ። በከተማዋ አስተዳደር ሥር የሚያድር፣ ሜስትሬም ቢሆን፣ አይከፍልም፤ ነፃ መሆኑን የሚያሳየውን ኮድ ግን ቀድሞ ከድረ ገጻቸው ማውጣት ይኖርበታል።

ከመያዛችሁ በፊት ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ ሊፍት አለ ወይ? ሊፍት በሌለው የድሮ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሻንጣ መሸከም ቀልድ አይደለም። ሁለተኛ፣ የከተማ ግብር። በጣሊያን ከተሞች በሰው በአዳር የሚከፈል ግብር አለ፤ ብዙ ጊዜ ቀድማችሁ በከፈላችሁት ውስጥ የለም። እዚያ ስትደርሱ ይጠይቋችኋል፤ አጭበረበሩኝ ብላችሁ እንዳትጣሉ።

6. ባቡር

ከሮም ፍሎረንስ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከፍሎረንስ ቬኒስ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ። መስመሩ ላይ ትሬኒታሊያና ኢታሎ የሚባሉ ሁለት ድርጅቶች ስለሚወዳደሩ ሁለቱንም ተመልከቱ። ቀድሞ የገዛ በርካሽ ይገዛል። ርካሹ ቲኬት ግን ለዚያ ባቡር ብቻ ነው፤ ካመለጣችሁ አመለጣችሁ። ቪዛው እጃችሁ በገባ ዕለት ግዙ። ሁሉን ባቡር ያሳፍራል የሚባለውን የዩሬይል ፓስ ለሦስት ጉዞ አትግዙት። ጣሊያን ውስጥ በፈጣን ባቡር ለመሄድ ፓሱ ላይ የመቀመጫ ክፍያ ስለሚጨመር ገንዘቡን አይመልስም።

ሰዓቱን ተጠንቀቁ። ቲኬቱ ላይ 14:35 ካለ በኛ ከቀኑ 8፡35 ነው። ስልካችሁን በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጉትና ጉዞው እስኪያልቅ አትንኩት። ጣቢያው ሰሌዳ ላይ ደግሞ ፍሎረንስ የሚል አትፈልጉ፤ ፊሬንዜ ነው የሚለው። ቬኒስ ሲሆን ቬኔዚያ ሳንታ ሉቺያ የሚለው ላይ ውረዱ። ከሱ በፊት ያለው ሜስትሬ ነው፤ ብዙ ሰው ደረስኩ ብሎ እዚያ ይወርዳል። በቀርፋፋው የክልል ባቡር የወረቀት ቲኬት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለችው ትንሽ ማሽን አስመቷት፤ ሳትመታ ከተገኘች ቅጣት አለ።

ከቬኒስ ቪየና ሁለት ምርጫ አለ። የቀኑ ባቡር ሰባት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ናይትጄት የሚባለው የሌሊት ባቡር ደግሞ ተኝታችሁ ያደርሳችኋል፤ የአንድ አዳር የሆቴል ወጪም ያስቀራል። እኔ የቀኑን እመርጣለሁ። የአልፕስ ተራሮች በመስኮት ያልፋሉ። ቪየና ከመድረሱ በፊት ባቡሩ ዘመሪንግ የሚባለውን ተራራ የሚያቋርጠው እ.ኤ.አ. በ1854 በተከፈተው የድሮ ሐዲድ ላይ ነው። ምሳ ይዛችሁ ግቡ። ድንበር ላይ ኬላ የለም ማለት ይቻላል፤ ፖሊስ ግን አልፎ አልፎ ባቡር ውስጥ ይፈትሻል። ፓስፖርቱ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ሰውነታችሁ ላይ ይሁን።

7. የመግቢያ ቲኬቶች

ሁሉን ቀድማችሁ አትግዙ። ቀድሞ መያዝ ያለበት ጥቂት ነው፦ ኮሎሲየም፣ የቫቲካን ሙዚየም፣ ፍሎረንስ ላይ ኡፊዚ የሚባለው የሥዕል ሙዚየምና የሚኬላንጄሎ የዳዊት ሐውልት ያለበት አካዴሚያ። የኮሎሲየም ቲኬት 18 ዩሮ ነው፣ በስም ነው፣ ፓስፖርት ያያሉ። ቲኬቱ የሚለቀቀው ከጉብኝቱ ቀን 30 ቀን ቀደም ብሎ ስለሆነ ቀኑን ስልካችሁ ላይ ያዙት። ከኦፊሴላዊው ድረ ገጽ ግዙ፤ በራፉ ላይ "ያለ ሰልፍ" እያሉ የሚቀርቧችሁን እለፏቸው።

የሚዘጉበትን ቀን ከአዳር ድልድላችሁ ጋር አገናኙት። ኡፊዚና አካዴሚያ ሰኞ ዝግ ናቸው። የቫቲካን ሙዚየም ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በቀር እሑድ እሑድ ይዘጋል። ቪየና ደግሞ እሑድ ሱቅ የለም፤ ከባቡር ጣቢያ ውስጦቹ በስተቀር ሱፐርማርኬትም ይዘጋል።

ሮም ላይ ለኛ ቲኬት የማይጠየቅበት ጉብኝትም አለ። ተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴ ቺንኰቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሱት ጦር ናቸው። መታሰቢያቸው፣ ከላዩ የግብፅ ሐውልት የቆመበት፣ ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ ነው። አውቶቡስ የሚጠብቀው ሮማዊ አብዛኛው ልብ አይለውም። ከኮሎሲየም ደግሞ ቺርኮ ማሲሞ ወደሚባለው የጥንት የሠረገላ መወዳደሪያ ሜዳ ጫፍ ወረድ ብትሉ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ የፋኦ፣ ዋና መሥሪያ ቤት አለ። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ በ2005 እስኪመለስ ቆሞ የኖረው ከፊቱ ባለው አደባባይ ነው። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጉልላት ላይ ከወጣችሁም በጀርባ በኩል ወደ ቫቲካን የአትክልት ቦታ ተመልከቱ። የኢትዮጵያ ኮሌጅ ያለው እዚያ ነው።

8. ገንዘብ፣ ስልክ፣ ሻንጣ

ባንክ ፓስፖርታችሁን፣ ቪዛችሁንና ቲኬታችሁን አይቶ የውጭ ምንዛሪ ይሸጥላችኋል። ለመጨረሻው ቀን አታቆዩት። የተወሰነውን በጥሬው ዩሮ፣ የቀረውን በካርድ ያዙ። አብዛኛው ቦታ ካርድ ይቀበላል፤ የሮም አውቶቡስና ሜትሮ እንኳ ካርድ አስነክቶ መግባት ይቻላል። ማሽኑ "በዩሮ ወይስ በካርድዎ ገንዘብ?" ብሎ ከጠየቀ ዩሮ በሉ። ሌላው በማሽኑ ተመን ስለሚመነዘር ያስከፍላችኋል።

ስልክ ቀላል ነው። ሮም የገዛችሁት ሲም ካርድ ቪየናም ይሠራል፤ ኦስትሪያ ስትገቡ አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ፓስፖርቱን፣ ቪዛውን፣ ኢንሹራንሱንና ቲኬቶቹን ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ አንድ ቅጂ አገር ቤት ላለ ሰው ላኩ። የአደጋ ጊዜ ስልክ በሁሉም አገር 112 ነው።

አየር መንገዱ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ስለፈቀደ ብቻ ሁለት አትያዙ። አንድ መካከለኛ፣ ጎማው ጤነኛ። ቬኒስ ከ400 በላይ ድልድይ አላት፣ አብዛኛውም ደረጃ ነው። ተሸክሟችሁ የሚሄደው የውሃ አውቶቡስ አንድ ጉዞው 9.50 ዩሮ ነው፣ 75 ደቂቃ ያገለግላል።

ለዘመድ የሚላከውን ነገር አስቡበት። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ ይዞ ወደ ኅብረቱ መግባት ክልክል ነው። ማለትም ቋንጣ አይቻልም፣ ቅቤም አይቻልም፣ "ትንሽ ዶሮ ወጥ በፕላስቲክ" የሚባለውም አይቻልም። እናታችሁን ከአሁኑ አስረዷቸው። ቆሎና በርበሬ ይዛችሁ ሂዱ።

9. ስትደርሱ

ወደ አውሮፓ የሚሄደው በረራ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ተነስቶ ጎህ ሲቀድ ያደርሳል። ሮም ከአዲስ አበባ በበጋቸው አንድ ሰዓት፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ድንበር ላይ የጣት አሻራና ፎቶ የሚመዘገብበት አዲስ አሠራር ስለተጀመረ ሰልፉ ሊረዝም ይችላል። የሆቴሉን፣ የመመለሻ በረራውንና የኢንሹራንሱን ወረቀት እጃችሁ ላይ ያዙ። ጥያቄ ከመጣ አጭር መልስ ስጡ፦ ለጉብኝት፣ አሥራ ሦስት ቀን፣ የምወጣው ከቪየና ነው።

ከፊዩሚቺኖ ኤርፖርት ተርሚኒ ድረስ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር በ14 ዩሮ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ክፍላችሁ ከሰዓት በኋላ ነው የሚሰጠው፤ ሻንጣውን አስቀምጡና ውጡ። ያን ቀን ምንም ቲኬት አትያዙ። ተርሚኒ፣ ሜትሮና ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ኪስ አውላቂ አይጠፋም። ቦርሳ ከፊት፣ ስልክ ከውስጥ ኪስ።

ውሃ አትግዙ። ሮም በየመንገዱ ጥግ ናዞኔ የሚባሉ አጫጭር የብረት ቧንቧዎች ቀን ከሌት ይፈስሳሉ፤ ይጠጣል። የቧንቧውን አፍ በጣታችሁ ብትደፍኑት ከላይ ካለችው ቀዳዳ ውሃው ወደ ላይ ፊን ይላል፤ ጎንበስ ሳትሉ ትጠጣላችሁ። ቡና ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ጠጡ፤ ስትቀመጡ ዋጋው የሚጨምርበት ቤት ብዙ ነው። ምግብ ቤት ሒሳቡ ላይ ኮፔርቶ የሚል ከመጣ የመቀመጫ ክፍያ ነው፤ ሜኑው ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ለሚጾም ጣሊያን አያስቸግርም። ፒሳ ማሪናራ አይብ የለበትም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት ብቻ ነው። ስፓጌቲ በቲማቲም ስታዝዙ ፓርሜዛን እንዳይነሰንሱበት ተናገሩ። ትኩስ የሚባለው በእጅ የተሠራ ፓስታ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለው፤ ደረቁ በአብዛኛው የለውም። ፍሎረንስ ላይ ሪቦሊታ ጠይቁ፤ ቦሎቄ፣ ጎመንና ደረቅ ዳቦ ነው፣ አይብ እንዳይጨመርበት ብቻ አረጋግጡ።

ዕቃ ከገዛችሁ ደግሞ ታክሱን ማስመለስ ይቻላል። ጣሊያን በአንድ ደረሰኝ ከ70 ዩሮ በላይ፣ ኦስትሪያ ከ75 ዩሮ በላይ መሆን አለበት። ስትከፍሉ ፓስፖርት አሳይታችሁ ቅጹን አስሞሉ። ማረጋገጫው የሚሰጠው ከኅብረቱ በምትወጡበት የመጨረሻ ኤርፖርት ስለሆነ የፍሎረንሱንም ቦርሳ የምታሳዩት ቪየና ነው። ዕቃውን ማየት ሊፈልጉ ስለሚችሉ ሻንጣውን ከማስረከባችሁ በፊት ሂዱ፤ ለዚህ ብላችሁም ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ከመሐል ቪየና ኤርፖርት ኤስ 7 የሚባለው የከተማ ባቡር ያደርሳል፤ ካት ከሚባለው ፈጣን ባቡር በጥቂት ደቂቃ ቢዘገይም በዋጋ በጣም ይረክሳል።